የአቶ ባዩ አንድ ጥማድ በሬ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲጣራ ምን ይወጣዋል? ባንቺአየሁ ባዩ ከአርብ ገበያ ቁልቁል የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ተወልዳ፣ እዚያው አርጅታ፣ እዚያው ተቀበረች። መቃብሯን የቆፈሩት ጎረምሶች ስለ እሷ የሚያውቁት ሦስት ነገር ነበር፤ ጠላዋ እንደሚያስመሰግን፣ ልጅ እንዳልወለደች፣ በወጣትነቷ ደግሞ ጀርመን አገር ልትሄድ ተነሥታ እንደቀረች። ሦስተኛውን ሲያወሩ ሳቅ አፈናቸው። ሰው የሚለካው በሆነው ነገር ብቻ ከሆነ የእሷ ነገር እዚህ ላይ ያልቃል። ሊሆን ተቃርቦ በቀረው ነገርም የሚለካ ከሆነ ግን ከ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ ያለውን ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ዕድሜዋ ሁሉ የዚያ ጊዜ ጥላ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ ፈንታሁን የቄስ ትምህርቱን አቋርጦ በሰማንያ ያገባት፣ ሁለት ዓመት አብሯት ከኖረ በኋላ ሥራ ፍለጋ አሥመራ የሄደ ሰው ነው። እዚያ ጋራዥ ገብቶ የሞተር ሥራ ተማረ፤ ከአሥመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ መርከብ፣ ከመርከብ ሀምቡርግ የሚባል የጀርመን የወደብ ከተማ። በዓመት ሁለት ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ንፋስ መውጫ ደርሶ፣ በጨው ነጋዴዎች እጅ አርብ ገበያ ወርዶ፣ እሷ ዘንድ ሲገባ ጠርዙ ተበልቶ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የሚያነብላት የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ማርያም ናቸው።

የመጋቢቱ ደብዳቤ ረጅም ነበር። አባ ገብረ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጠው አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ ለእሷ፣ አንዴ ደግሞ ነገሩ እንዲገባቸው አነበቡት። ፈንታሁን ሚስቱን ለማስመጣት አመልክቷል። ያገሩ ሕግ ግን ሚስት የሚያስመጣ ሰው የሚያበላበትን፣ የሚያሳድርበትን አሳይ ይላል። ደመወዙ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይበቃም ተብሏል፤ የተከራያትም ክፍል ጠባብ ናት። አሠሪው በጎ ሰው ሆኖ ለግማሹ ዋስ ሊሆነው ፈርሟል። ለቀረው ግማሽ የሚስቲቱ አባት፣ ልጄ ብትቸገር ከነመመለሻዋ በሀብቴ እችላለሁ ብሎ፣ ሀብቱን አስጽፎ፣ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይላክ፤ ከሰኔ መጨረሻ እንዳያልፍ። ከግርጌው ላይ፣ ከአባቷ ከብት ሩቡ እንኳ ቢጻፍ እንደሚበቃ ጽፏል።

እውነትም ይበቃ ነበር። አቶ ባዩ አምስት ጥማድ በሬ፣ በበሸሎ ቆላ በሰው እጅ የሚጠበቁ ሠላሳ አራት ላሞች፣ ስድስት ጉድጓድ እህል ነበራቸው፤ አንደኛው ጉድጓድ ባንቺአየሁ ክርስትና ከተነሣችበት ዓመት ጀምሮ አልተከፈተም። ይህ ሁሉ እያለ ግን የሚለብሱት ትከሻው ላይ የተጣፈ አንድ ጋቢ ነው። ይህ ንፍገት አልነበረም፤ የአገሩ ኑሮ ነው። በየኅዳሩ የመንግሥት የአሥራት ገማቾች ሀብት አይተው ግብር ሊጥሉ ሲመጡ መንደሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይደኸያል። ከብቱ ቆላ ይወርዳል፤ የጉድጓዱ አፍ ላይ ፍግ ይከመራል፤ ጭቃ ሹሙ ሞላ ራሱ ገማቾቹን እየመራ ከመሬቱ ሁሉ ድንጋይ የበዛበትን ያሳያቸዋል። ባንቺአየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንዱ ገማች ጎንበስ ብሎ፣ እነዚያ ላሞች የማን ናቸው ቢላት፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ የአጎቴ ናቸው፣ አጎቴ ያለው እስቴ ነው አለችው። አጎት የሚባል አልነበራትም። ገማቾቹ ሲሄዱ አባቷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማር አቀመሷት። የዚያን ማር ጣዕም እስክትሞት አልረሳችውም።

አቶ ባዩ የደብዳቤውን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ። የባዩን ልጅ በምን ትበላለች ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት አገር ነው አሉ። ሚስታቸው ይታይሽ ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ይልቅ ባንቺአየሁን እንደሚወዷት ታውቃለችና ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን አቶ ባዩ ዱላቸውን አንሥተው ባንቺአየሁን፣ «ተነሽ እንጂ፣ ሰኔ እንደሆነ አይጠብቀን» አሏት።

በሚያዝያ መጀመሪያ መንገድ አድረው ንፋስ መውጫ ገቡ። የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀበላቸው ጸሐፊ ቀለመወርቅ ይባላል፤ ከደብረ ታቦር የመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት። ለአቶ ባዩ ወንበር ሰጣቸው። ነገር የተበላሸው ምናልባት ያኔ ነው። አቶ ባዩ በስድሳ ዓመታቸው የመንግሥት ሰው ወንበር ሰጥቷቸው አያውቅም፤ እንዲህ የሚያከብረኝ ምን ሊወስድ ነው ብለው ጠረጠሩ። ባንቺአየሁ ከኋላቸው ቆማ የአንገታቸው ሥር ሲወጠር አየች።

«ስንት በሬ አለዎት?» አለ ቀለመወርቅ።

ከአፋቸው የወጣው የሠላሳ ዓመት መልስ ነው። «አንድ ጥማድ። አንደኛውም ዓይኑ ጠፍቷል፤ ለወጉ ነው የምንጠምደው።»

«ላምስ?»

«አንዲት አለች፤ ነጥፋለች።»

ቀለመወርቅ ብዕሩን አስቀመጠ። ጥያቄው የግብር እንዳልሆነ፣ ሀብት በበዛ ቁጥር ለልጅቱ እንደሚበጅ በዝግታ አስረዳ። «አቶ ባዩ፣ ይህ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ነው» አለ።

«ግልባጩስ ጌታዬ?»

ቀለመወርቅ መዋሸት አልሆነለትም። «ግልባጩ እዚህ ይቀራል።»

«እንግዲያው አንድ ጥማድ ነው» አሉ አቶ ባዩ።

ባንቺአየሁ ከኋላ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች፤ ሳብ አደረገችው። ሳይዞሩ እጇን መታ መታ አደረጉላት፤ አይዞሽ እንደማለት። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ የዕድሜዋ መንገድ በሌላ በኩል ይሄድ ነበር። የጋቢውን ጫፍ ግን ለቀቀችው። አባትን በሹም ፊት ውሸታም ማድረግ በአገሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። ደግሞም ያ ማር ነበር፤ ዝም ማለትንም፣ መዋሸትንም የተማረችው ከአባቷ ጭን ላይ ነው። ሰው የተወደደበትን ነገር እንዲህ በቀላሉ አይከዳም።

ቀለመወርቅ ጻፈ፤ አነበበላቸው፤ አቶ ባዩ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ። የማኅተሙን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ለእሳቸው ዋስትና ማለት ማኅተሙ ነበር፤ ከማኅተሙ በላይ ያለው ጽሑፍ የጸሐፊዎች ጣጣ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተው በቀጥታ ገበያ ገቡና ጥቁር የላስቲክ ጫማ ገዙላት። መንገድ ላይ እየሳቁ፣ ቁጥሩን ሳይሰጡ ወረቀቱን እንዴት እንዳወጡት ደጋግመው አወሩላት። አንድ ወንዝ ዳር ሲያርፉ ግን ሳቃቸውን ተዉ። «ቢቸግርሽ ሁሉን ሸጬ መጥቼ አወጣሻለሁ። ይህን ሰው አይወቀው፤ አንቺ ካወቅሽው ይበቃል» አሏት። እውነታቸውን ነበር። እሷም አመነቻቸው፤ ጭንቀቷ ግን አልለቀቃትም።

ክረምቱን እንዴት እንዳለፈች እናቷ ይታይሽ ናት የምታውቀው። አረም ስታርም ትቆማለች፤ ሊጥ ስታቦካ እጇ ሊጡ ውስጥ ይቀራል። አንዴ ማኅተሙ ይበቃል ትላለች፤ አንዴ ዓይኑ የጠፋው በሬ ትዝ ይላትና አይበቃም ትላለች። አርብ አርብ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ጀርመኗ የሚል ስም አወጡላት። «ጀርመኗ፣ እዚያም ቂጣ አለ ወይ?» ይሏታል። ታደለች የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ደግሞ ለመንገድሽ ብላ ሁለት ራስ ትጨምርላታለች፤ በቀልድም ይሁን በደግነት አይለይም።

መልሱ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። አባ ገብረ ማርያም አንዴ ለራሳቸው አነበቡትና ቀስ ብለው ነገሯት። አንድ ጥማድ በሬ ያለው ሰው ለራሱም ዋስ የሚያሻው ነው እንጂ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን አይችልም ተብሏል። ከጥር በፊት ሌላ ወረቀት ከመጣ ግን ይታያል። ፈንታሁን የጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አባትሽ ጠሉኝ ወይ ይላል።

ባንቺአየሁ ያን ዕለት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ያለዎትን አለኝ ይበሉ» አለች።

አቶ ባዩ አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ ያሰኛል። ፊታቸው አመድ መስሎ አስረዷት። አሁን ሄደው አሥር በሬና ሠላሳ አራት ላም አለኝ ቢሉ፣ በሚያዝያ የት ነበሩ ይባላሉ። የሚያዝያው ወረቀት ግልባጩ ከጣታቸው አሻራ ጋር እዚያው ተቀምጧል። የሠላሳ ዓመት አሥራት ወደ ኋላ ይታሰባል፤ በሐሰት መፈረምም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «እኔ ብታሰር ግድ የለኝም» አሉ፣ «ግን ቀጥሎ የሚመጣው እነ ሞላ ደጅ ነው።»

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ጠበል ሲቀምሱ ቀርባ እጅ ነሣች። አባቷ እውነቱን እንዲናገሩ እንዲገፏቸው፣ ወይም ከመካከላቸው አንዱ በአባቷ ፈንታ ያለውን አስጽፎ ዋስ እንዲሆናት ለመነች። አንገቱን ያልደፋ አልነበረም። አባ ገብረ ማርያም እንኳ መቋሚያቸውን ማየት ጀመሩ፤ የእሳቸውም ጉድጓድ ከባዩ ጉድጓድ የሚለየው በአንድ አጥር ነው።

በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ አባትሽን ሀብታም ብናደርገው እኛን ማን ድሃ ያደርገናል?» አላት።

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ሞላ ግን አልሳቀም። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ቤት አንድ ቤት እውነት ቢናገር የሌላው ሁሉ ውሸት ይገለጣል፤ ይህን እያወቀ ለአንዲት ሴት መንገድ ሲል መንደሩን የሚያጋልጥ ጭቃ ሹም በየትም አገር አይገኝም። አንድን ሰው ለብዙዎች ደኅንነት መስጠት ትክክል ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ የተማሩ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ደጀ ሰላሙ ላይ ግን ጠበሉ ሳያልቅ ተወሰነ።

ጥር መጣ፤ ጥር አለፈ። በሰኔ የፈንታሁን ደብዳቤ ደረሰ፤ ስድስት መስመር ነበር። ማመልከቻው ተዘግቷል፤ ክፍሉን ለቆ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ አድራሻውን በኋላ ይልካል። አልላከም። አቶ ባዩ ያን ክረምት ከልጃቸው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከረሙ። ማልደው ወደ እርሻ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ጫማዋ ከመደቡ ሥር ባለበት መኖሩን ጎንበስ ብለው ያያሉ። መስከረም ሲጠባ ሳል ያዛቸው፤ በጥቅምት መጀመሪያ ሞቱ። በሞቱበት ቀን የተናገሩት፣ ላሞቹ ስንት እንደሆኑ ባንቺ ታውቃለች የሚል ብቻ ነው።

ተዝካራቸው ኅዳር ላይ ዋለ። ሟች አሥራት አይጠየቅምና፣ የሰው ሀብትም በተዝካሩ ነውና የሚታየው፣ የባዩ ቤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳለ ወጣ። ስድስቱ ጉድጓድ ተከፈተ። ላሞቹ ከበሸሎ ወጥተው ሜዳውን ሞሉት። አራት ሰንጋ ታረደ፤ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ሳይቀር የመጣ ካህንና ለማኝ ዳሱን አጣበበው። ወንድሞቿ የሚካፈሉትን በዓይናቸው እየለኩ ይዞራሉ። ሰው ሁሉ፣ ባዩ ለካ እንዲህ ያለ ጌታ ነበር እያለ ይደነቃል፤ ከሁሉም አስቀድሞ የሚደነቀው ሞላ ነበር።

ባንቺአየሁ ከጓዳ ወጣች። የላስቲክ ጫማዋን ተጫምታለች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ዳሱ መካከል ቆመች።

«ንፋስ መውጫ ሰው ላኩልኝ» አለች። «ያ ጸሐፊ፣ ቀለመወርቅ፣ ይምጣ።»

አባ ገብረ ማርያም ቀስ ብለው ተነሡ። ነገሩ አልፏል፤ አሁን ምን ይጠቅምሻል አሏት።

«አይጠቅመኝም አባ። ላሞቹ ሳይካፈሉ፣ ጉድጓዱ ሳይዘጋ ይምጣና ይቁጠር። ከዚያ ያንን ግልባጭ አውጥቶ ያስተካክልልኝ። አባቴ ዋሴ መሆን የሚችል ሰው ነበር ብሎ ይጻፍ።»

ሐዘን አዙሯት ነው ተባለ። ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ሞላ እህሉ እንዲቀርብ በእጁ ጠቀሰ። ወደ ንፋስ መውጫ የተላከ ሰው የለም።