ዝናብ የገባበት በር

ቅዳሜ ጠዋት የአሮጌዋን መኪናችንን የሾፌር በር የውስጥ ሽፋን ስነቅል፣ የመጀመሪያዋ የፕላስቲክ መያዣ ጧ ብላ ስትለቅ፣ ከበሩ ሆድ ውስጥ የታፈነ የአቧራና የደረቀ ሙጫ ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝና ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ እዚያው ሃውቶርን፣ አሁን ከምንኖርበት ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። መስታወቱ ወርዶ አልወጣ ስላለኝ ነበር በሩን የከፈትኩት። ሽታው ግን መስታወቱን አስረስቶኝ ወደ ፌርፋክስ፣ ወደ ሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ የመኪና ማቆሚያችን ይዞኝ ሄደ፤ ያኔም ይህችው መኪና፣ ይኸው በር፣ ይኸው አልወጣም ያለ መስታወት ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። እኔና እማዬ አባዬን ተከትለን አሜሪካ ከመጣን ብዙም አልቆየንም። አባዬ ከኤርፖርት ታክሲ ይሠራል፣ በስልክ የሚጠሩት መኪናዎች ተሳፋሪውን መቀማት የጀመሩበት ሰሞን ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ቤታችን ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቱ በምግብ ቤቶቹ የጭስ መውጫ አናት ላይ ስለሚከፈት ያሰጣነው ልብስ ሁሉ ቁሌት ቁሌት ይል ነበር፤ ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በየቀኑ ምሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ የምመጣ ይመስላት ነበር። ግንቦት ሲገባ ከአጥሩ ባሻገር ያለው ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን መኪናዋ ላይ ያራግፍባታል፣ አባዬም እያጉረመረመ ይጠርጋል።

እማዬ አሜሪካን የፈራችው በአባዬ በኩል ነው። እንደመጣን ሰሞን አንድ የቤተክርስቲያናችን ሰው፣ እሱም ታክሲ ነጂ፣ ተሳፋሪ ከኋላው ሆኖ ቢላዋ ደግኖበት በስንት መከራ እንደተረፈ ሰማች፤ ከዚያን ቀን ወዲያ የአባዬ ቁልፍ በሩ ላይ ካልጮኸ ዓይኗ አይከደንም። ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ የጠበል ጠርሙሷን ይዛ አባዬን ተከትላ ትወርዳለች፤ ጎማዎቹን ትረጫለች፣ ኮፈኑን ትረጫለች፣ ከዚያ መስታወቱን ታንኳኳለች፣ አባዬም ዝቅ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። እማዬ ደግሞ ለጠበል እጇ አይሰስትም፤ በእፍኟ ሙሉ ቀድታ ነው የምታርከፈክፈው። ግማሹ አባዬ ላይ፣ ግማሹ በሩ ላይ፣ መስታወቱን የሚያወጡትና የሚያወርዱት ማብሪያዎች ላይ ያርፋል። አባዬ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ አሜን ይልና የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ደረቱ እንደረጠበ ሄዶ ይቀበላል።

አንድ ዓርብ ጠዋት መስታወቱ ለጠበል ወረደና በዚያው ቀረ። ሰኞ መኪናዋ ለታክሲ ምርመራ፣ ለኢንስፔክሽን፣ ትቀርባለች፣ መስታወቱ የማይዘጋ ታክሲ ደግሞ ተሳፋሪ መጫን አይፈቀድለትም፣ ጋራዡ እስከ ረቡዕ ጊዜ የለኝም ብሏል። አባዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔ በስልኬ አንድ ቦርጫም ፈረንጅ ይህንኑ በር እያፏጨ ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁና ቅዳሜ አባትና ልጅ ሆነን ሥራውን ጀመርን፤ ቪዲዮውን ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ዋና መካኒኳም እኔ ነበርኩ።

ሰውየው ሽፋኑን የሚያላቅቅበት ልዩ መሣሪያ ነበረው፤ እኛ ደግሞ የእማዬ የወጥ ማማሰያ ነበረን። ከእጀታው ጀርባና ከክንድ ማስደገፊያው ስር የተደበቁትን ብሎኖች ፈትተን ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አጠራቀምናቸው፣ ከዚያ የማማሰያውን ጫፍ በሽፋኑና በብረቱ መካከል ሰክቼ ፈልቀቅ ሳደርግ መያዣዎቹ አንድ በአንድ ጧ፣ ጧ እያሉ ለቀቁ፣ አባዬም በእያንዳንዷ ጧታ «በስመ አብ!» ይላል። ከታች ቤት የሚኖሩት ጋሼ መኮንን ወንበር አውጥተው አጠገባችን ተቀምጠዋል። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋሉ፤ ያልተቀመጡበት የመኪና ዓይነት የለም፣ አንዱንም ግን ፈትተው አያውቁም፣ ምክር ከመስጠት ያገዳቸው ነገር ግን አልነበረም።

ሽፋኑ ተነሣ። ማብሪያውን ገልብጠን ስናየው መዳቡ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር አውጥቶ ተበልቷል፣ ከሱ ቁልቁል ደግሞ ውሃ የወረደበት መንገድ እንባ እንደደረቀበት ጉንጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስታችንም ከየት የመጣ ውሃ እንደሆነ ገባን። እዚያው እንዳለን የእማዬ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ።

አባዬ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። እማዬ ደክሟት ስልክ ሲደወል «የለችም በል» ብላ በእጇ ስትጠቅሰው፣ «አለች፣ ግን የለችም በል ብላኛለች» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። እማዬ ደርሳ ምን ሆኖ ነው ስትለው በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝናብ ገብቶበት ነው» አለ።

ሎስ አንጀለስ ዝናብ ካየች የከረመችበት፣ ሣር አታጠጡ እየተባለ ከሕንፃችን ፊት ያለው መስክ ገለባ የሆነበት ዘመን ነበር። ጋሼ መኮንን ፈጥነው ደረሱለት፦ «ኦኬ፣ ዝናብ ነው! ዝናብ ለስዊች ቬሪ ባድ ነው፣ እኔ ሆቴል ስንቱን አይቻለሁ።» እማዬ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ የመዳፍ ታህል ደመና የለችበትም። ከዚያ ማብሪያውን አየች። ከዚያ ከእጄ ማማሰያዋን ተቀበለችኝና ጫፉ መሸረፉን ስታይ «ይሄንንም ዝናብ ነው የሰበረው?» ብላ ተመልሳ ወጣች።

ማብሪያውን በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገን ስንሞክረው መስታወቱ እያቃሰተ ወጣ፣ ጋሼ መኮንን አጨበጨቡ። አባዬ ግን ሽፋኑን ከመመለሳችን በፊት ፎቅ ወጥቶ የእንጀራ ፌስታል ይዞ መጣ፤ በመቀስ ሰንጥቆ የማብሪያውን ጀርባና ሽቦዎቹን ጠቀለላቸው፣ ከላይ የሚገባ ውሃ ምንም ሳይነካ ወርዶ በበሩ ስር እንዲወጣ አድርጎ በፕላስተር ለጠፈው። ለምን እንዲሁ አትነግራትም አልኩት።

«ከለከልኳት እንበል፤ ከዚያ ማታ እስክመጣ ምን ይዛ ትጠብቀኝ?» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት መስታወቱን አውርዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቃት እማዬ በሩን ከፈተችው። «ውረድ! ጠበል ተቀምጠው አይቀበሉትም» አለችው። ወረደ፤ አስፋልቱ ላይ አቁማ ከራሱ እስከ ጫማው አራሰችው። ኢንስፔክሽኑንም እርጥብ እንደሆነ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ፤ አባዬ በየጠዋቱ ቆሞ ይረጫል፣ ሸሚዙን ያራግፋል፣ ይገባል፣ ይሄዳል። ከስብከት ያመጣችው አዲስ ጥብቅነት ነው ብለን አባዬና እኔ ስንስቅባት ዓመታት አለፉ።

እማዬ ታማ ካረፈች በኋላ አባዬ ታክሲውን ተወ፣ ወደ እኔ መጣ፣ መኪናዋም ለእኔ ሆነች። ፌርፋክስ አሁን የምሄደው እንጀራ ለመግዛት ነው፤ በቤታችን መስኮት የሌላ ሰው መጋረጃ ይታያል።

ቅዳሜ ዕለት ያ ፌስታል አባዬ በለጠፈበት ቦታ እንዳለ አገኘሁት። ማብሪያው ጤነኛ ነው፣ የደከመው መስታወቱን የሚያነሣው ትንሹ ሞተር ነው። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ፌስታሉ ግን እንደ ገዛነው ቀን ንጹሕ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተረጭቶ የአንዲት ጠብታ ዱካ እንኳ አይጠፋበትም ብዬ በስልኬ መብራት ገልበጥበጥ አድርጌ ፈለግሁ፤ የለም። እማዬ ያን ቀን ሰማዩን ስታይ ነው ሁሉ የገባት። በሩ እንዳይረጥብ ብላ ነው አባዬን ከመኪናው ያስወረደችው፣ የዕድሜ ልኩ አንዲት ውሸት እንዳትበላሽበት ብላም ነው እስክትሞት ዝም ያለችው።

ፌስታሉን ይዤ ወደ አባዬ ገባሁ። ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«ጠብ አላለበትም?»

«ጠብ አላለበትም።»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ ግን አላደረገውም። «መልሰሽ ለጥፊው» አለኝ በመጨረሻ፤ ሄጄ መልሼ ለጠፍኩት።

ሞተሩን ስለቀየርኩት መስታወቱ አሁን በአንድ ጣት ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ ግን እማዬ በጣም ትናፍቀኛለች። ጠዋት ሥራ ስሄድ በሩን ከፍቼ ከመግባቴ በፊት አስፋልቱ ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ ከዚያ በደረቅ ፊቴ ገብቼ እሄዳለሁ።