ፈጣኑ ራም እና የአንዋር ሁለተኛ ካሜራ

የዚህ ጉዳይ ሰዎች አራት ነን። አንዋር፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣና የሚያቀናብር የጎንደር ልጅ። አያ ፈንቴ፣ ማክሰኝት ላይ ልጃቸውን ድረው ፊልሙን የሚጠብቁ ገበሬ። ብርቱካን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የተማረች የበኩር ልጄ። እኔ፣ ሙያዬን ከሰው ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የለቀምሁ ጠጋኝ፣ የብርቱካን አባት።

ሥራ የጀመርሁት አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ማበየጃና በአንድ ካቻቢቴ። በመጀመሪያው ቀን ከዛሪማ የመጣ ሰው ሬዲዮ አስጠገነኝ። ለክፍያ እጄን ስዘረጋ፣ «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ይናገር» አለኝ። ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳምጦ ከፈለኝ።

ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን የሱቄ ሕግ አደረግሁት። ዕቃው በደንበኛው በራሱ ሥራ ላይ ተሞክሮ ልዩነቱን ካላየ፣ ገንዘብ አልቀበልም። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ አሳዩኝ እንጂ አትንገሩኝ።

ዘመን ተለወጠና ጠረጴዛዬ ላይ የሚተኛው ላፕቶፕ ሆነ። ባለፈው ጥር አንዋር በአንድ እጁ ላፕቶፑን፣ በሌላው የካሜራ ቦርሳውን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ገደለኝ። ፊልሙን ስቆርጥ ስቀጥል ቀጥ ይላል። ሁለት ፈጣን ራም ግዛ ብለውኛል። ለመግዣው ሁለተኛዋን ካሜራ ልሸጣት ነው፤ ገዢው ከሰዓት ይመጣል።»

ያቺ ካሜራ ከሌለች አንዋር የሙሽራውን ቤት ሲያነሣ የሙሽሪት ቤት ያመልጠዋል። የጥር ሠርግ ሁሉ ገና ከፊቱ ነበር።

በመካከሉ ስልኩ ጮኸ። አያ ፈንቴ ናቸው፤ ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማል።

«አንተ ልጅ፣ ምነው? ፊልሙ ሳይደርስ ሙሽሪት ልትወልድ ነው እኮ!»

«እሑድ ይዤ እመጣለሁ፣ አያ ፈንቴ።»

«ካልመጣህ ቀብዱን መልስ። ዘመድ ጠርቻለሁ።»

ባትሪውን ነቅዬ ላፕቶፑን ከፈትሁት። ዋናው ቦርድ ላይ አንድ ባለ ስምንት ጊጋ ራም፣ አጠገቡ አንድ ባዶ መሰኪያ። «የጎደለህ ፍጥነት አይደለም፤ ማሽኑ ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ነው» አልሁት።

ብርቱካን ከወዲያ ጠረጴዛ ተነሣች። «አባዬ፣ የአዲሱ ራም ፍጥነት በቁጥር ይበልጣል። ቁጥሩ ለጌጥ አልተጻፈም።»

«ቦርዱ የማያውቀው ቁጥር ጌጥ ነው።»

«አሳየኝ እንጂ አትንገረኛ!»

የገዛ ቃሌን መለሰችልኝ። አንዋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል!»

አሮጌውን አውጥተን ያንኑ መጠን ያለው ፈጣን ራም ከመደርደሪያ አንሥተን ሰካን። አንዋር የማክሰኝቱን ሠርግ ከፈተ። ሙሽራው ከበቅሎ ሊወርድ አንድ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ብርቱካን ስትመረምር፣ ማሽኑ አዲሱን ራም በአሮጌው ፍጥነት ነው የሚያስኬደው።

«ልክ ነህ፤ ይሄ ቦርድ ከዚህ በላይ አይሮጥም» አለች። ኮራሁ፤ አልደበቅሁትም።

እሷ ግን ካቻቢቴውን አላስቀመጠችም። አሮጌውን ራም በባዶው መሰኪያ ልትሰካው ስትል እጇን ያዝሁ። «የማይተዋወቁ ራሞች አብረው አይጠመዱም። ስንት ማሽን አልነሣም ብሎኛል።»

«ይሄኛውስ ብሎሃል?»

አላለኝም። እጇን ለቀቅሁ።

ማሽኑ ተነሣ። ሙሽራው ከበቅሎው ወረደ፣ ዳሱ ውስጥ ገባ፤ እልልታው ሳይቆራረጥ ሱቁን ሞላው። አንዋር ወንበሩን ገፍቶ ቆመ። «ወላሂ፣ ይሄ የእኔው ላፕቶፕ ነው?» ወዲያው ለካሜራዋ ገዢ ደወለ። «ወንድሜ፣ አትልፋ። አልሸጣትም!»

እሑድ አያ ፈንቴ ፊልሙን በዘመድ ፊት አዩ። ሰኞ ቁጥሬን ከአንዋር ተቀብለው ለእኔ ደወሉ። «ሸጋ ነው፤ ሸጋ! ምነው እስክሸብት አስጠበቅኸኝ በለው።»

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ቦርዱ የማይቀበለውን ፍጥነት አትሽጡ፤ ሲቀበለውም ለአብዛኛው ሥራ ትርፉ ትንሽ ነው። ቦታ ከጠበበ መጠን ጨምሩ። አሮጌውን ሳትሞክሩ አትጣሉ።

አንድ ብቻ ስለበቃው፣ አንዋር ካሜራዋን ሳይሸጥ ራሙን በአራት ሺህ ብር ወሰደው። ምሳውን እኔና ብርቱካን እኩል ከፈልን፤ ሁለታችንም በአንድ በኩል ተሸንፈናልና። ከአንድ ትሪ እንድንበላ ሽሮ አዘዝን፤ ስድስት መቶ ብር። የሁላችን ወጪ ሲደመር አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው።