ማንሾካሾክ ክልክል ነው

ለጎልማሶች አስተማሪ ተብዬ ድሬዳዋ ስላክ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ቀን ሕፃናትን፣ ሲመሽ ደግሞ የሕፃናቱን አባትና እናት እንዳስተምር ነበር የተመደብኩት። ዲሬክተሩ በመጀመሪያው ቀን ቢሮው አስጠርቶ ኃላፊነቴን ነገረኝ፤ በሰዓት መግባት፣ ሥርዓት ማስከበር፣ ተማሪዎች መኖሪያ ቤት አለመሄድ፣ የተማሪን ጉዳይ የራስ ጉዳይ አለማድረግ። «ሰሌዳ ፊት ሁሉም ልጅ ነው፤ ጢማቸውን አይተህ እንዳትፈራ» አለኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ዕድሜዬ ከእሺ ሌላ የማውቀው መልስ አልነበረም።

እንዴት አልፈራ! ክፍሉ ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ስለሆነ፣ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ወደ ጎን ዞረው ነበር የሚቀመጡት። የባቡር ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎች፣ ከጥጥ ፋብሪካው የወጡ፣ ቀፊራ ገበያ ውለው የመጡ ሴቶች ነበሩ። እኔ ከደጋ እንደመጣሁ አንቱ እያልኩ ወገቤ እስኪቆረጥ እጅ እነሳለሁ፤ እነሱ «አንተ ማሊም፣ ና እስቲ ይቺን አሳየኝ» ይሉኛል። ማሊም አስተማሪ ማለት ነው። አንተ መባሉ መጀመሪያ ሰሞን ደሜን አፈላው። በኋላ ሲገባኝ፣ በዚያ ከተማ አንቱ የሚባል ሰው ገና ያልተቀበሉት እንግዳ ነው።

ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ሽበት የወረረው ሰውዬ ይቀመጥ ነበር። ሥራው ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ማቀያየር ነው፤ የሚመጣው ባቡር በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚወስነውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረው እሱ ነው። አጠገቡ ቀፊራ ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቱ አለች። ሁለቱም መጋላ ሰፈር ነው ቤታቸው፤ ሁልጊዜ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አብረው ተሻግረው ይመጣሉ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል። የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር።

ይህች ሴትዮ ታንሾካሹክ ነበር። ሰውዬው ሊያነብ ሲነሳ ዘንበል ትልና አንድ ነገር ጆሮው ውስጥ ጣል ታደርጋለች፤ ከዚያ እሱ ይንቆረቆራል። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። ጠመኔ አንስቼ ከሰሌዳው ራስ ላይ «ማንሾካሾክ ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ማንበብ ለማይችል ሰው በጽሑፍ መከልከል የኔ ሥራ ነው! ምን ተጻፈ ብለው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው፤ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አቦ ማሊም፣ ትልቅ ሰው ሰው ፊት ሲደናቀፍ ዝም ብሎ ማየት አገርህ ነውር አይደለም?»

«እዚህ ትምህርት ቤት ነው።»

«ሀዬ፣ እሺ ትምህርት ቤት ነው። ነውርም ነው» አለችኝ።

ተውኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የሰውዬው ንባብ ልቤን አሙቆት ነበር። በልጅነቱ ቁርአን በሉህ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ የቀራ ሰው ስለሆነ ድምፁ ዜማ አለው፤ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። የልፋቴ ፍሬ ይኸውና ብዬ ለዲሬክተሩ ሳይቀር አውርቼለታለሁ።

አንድ ቀን እንደመሸ እሱ እያነበበ መብራት ጠፋ። በድሬ ብርቅ አይደለም። ክፍሉ ድቅድቅ አለ፤ ሁሉም መጽሐፉን አጠፈ። የሱ ድምፅ ግን ቀጠለ። ስለ በሬውና ስለ ገበሬው የሚለውን ገጽ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አንዲት ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው አነበበው። ጨርሶም የኔን «ጎበዝ» እየጠበቀ ቆመ። መብራት መጥፋቱን ከሁላችን ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ትከሻዋ ላይ የሚጥለው እጅ፣ በጆሮው የምትጥልለት ነገር። የገጹን የመጀመሪያ ቃል ነበር የምታቀብለው፤ የቀረውን ሌሎች ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ሊማር የመጣው ዓይኑ ሳይከዳው አንድ ነገር ላንብብበት ብሎ ነበር፤ ዓይኑ ቀደመው። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ፣ ፊት ለፊቱ የቆምኩት ብቻ ነኝ።

ሌሎቹ ሲወጡ ሁለቱን በር ላይ አስቀረኋቸው።

«ሥራዎንስ እንዴት ይሠሩታል?» አልኩት።

«ብረቱን እጄ ያውቀዋል። ባቡሩን ጆሮዬ ያውቀዋል።»

«ባቡሩ ውስጥ ያለውንስ ሰው?»

ከሱ ቀድማ እሷ ገባችበት። «ወላሂ ማሊም፣ ከተናገርክ ልጆቹ ምን ይብሉ ልትል ነው? አንተ ፊደል አስተምር። ሌላው ምንህ ነው?»

ይኸው ነው እንግዲህ። ዲሬክተሩም የተማሪን ጉዳይ የራስህ አታድርግ ብሎኛል፤ እሷም በሌላ በኩል ያንኑ አለችኝ። ሁለቱንም ብሰማ ሰላም አድራለሁ። ግን አንድ ባቡር ሙሉ ሰው እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የሱን ልጆች ሳስብ ደግሞ ዝም ልበል እላለሁ። በማግሥቱ ሰውዬውን ጠብቄ፣ «ለአለቃዎ ራስዎ ይንገሩ፤ አለዚያ እኔ መናገሬ ነው» አልኩት። ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

«ሀዬ» አለ።

ራሱ ሄዶ ተናገረ። ሆስፒታል ላኩት። የዓይን ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ የዓይኑ ሥር ነው የደረቀው ብለው መለሱት። ከሥራ ተሰናበተ። ዲሬክተሩ ይህን ሲሰማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። አልጸጸትም፤ ዛሬም ያው ነገር ቢመጣብኝ ያንኑ እናገራለሁ። ነገር ግን ትክክል የሠራ ሰው ልቡ ይረጋል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል።

ይቀራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም። በሳምንቱ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር መጣና ጥጉ ላይ ተቀመጠ። እሷ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም፤ ሰሌዳ ሰሌዳውን ብቻ እያየች ትማራለች። እሱ ግን ይቀልድ ነበር። «እናንተ ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ትሉ የለ? እኔ ሰፊ ግንባር አወጣሁ» ይለኛል። እስቅለት ነበር። ምን ላድርግ?

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ብቻውን ግድግዳ እየዳበሰ መጣ።

«ማሊም፣ በቀን ብርሃን ትልቅ ነገር ትንሽ ትንሽ ይታየኛል። ስሜን ጻፍልኝ። በጣም ትልቅ አድርገህ።»

መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። ስሙን ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዱ ፊደል የክንዴን ያህል እስኪረዝም፣ ጠመኔውን እያደመቅኩ ጻፍኩት። አፍንጫው ሰሌዳውን እስኪነካ ተጠጋ። ከዚያ ስሙን ተከትሎ በዝግታ ወደ ጎን ተራመደ፤ ጨረሰና ተመልሶ እንደገና ተራመደ።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ።

«እርስዎ ነዎት።»

«አታጥፋው እሺ።»

እሺ አልኩት፤ ያችን የለመድኳትን እሺ። ዲሬክተሩን ለመንኩት። «ሰኞ ጠዋት የሌላ አስተማሪ ሒሳብ አለ» አለኝ። ሰኞ ከሰዓት ገብቼ ሳይ ሰሌዳው በመደመርና በመቀነስ ተሞልቷል።

ክረምቱ ገባ። ደቻቱ እየሞላ ሲያስቸግር ከመጋላ የሚመጡት ተማሪዎች ሳሱ፤ እሱም ጠፋ። ወደ ቤቱ ልሂድ ብዬ ድልድዩ ጋ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ ሄጄ ምን እለዋለሁ?

ዝናቡ ሲያባራ ሽንኩርት ሻጯ እየመራች አመጣችው። ቀድሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ነበር የሚጥለው፤ አሁን በሁለት እጁ ክንዷን ጨብጧል። ገባ፣ ግን ወደ ቦታው አልሄደም። ክንዷን ለቆ ወደ ሰሌዳው መጣ። ያን ቀን ያዘጋጀሁት ትምህርት ሰሌዳው ላይ ሞልቶ ተጽፏል። መዳፉን ዘርግቶ ሰሌዳው ላይ አኖረና ፊቱን ወደኔ አዞረ።

«ማሊም፣ ስሜ አለ?»

ሰሌዳውን የሞላውን የራሴን ጽሑፍ አየሁ፤ ስሙ ከጠፋ ሰነባብቷል። ያኔ ሽንኩርት ሻጯ፣ ስንት ጊዜ አኩርፋኝ የከረመችው ሴትዮ፣ መጥታ ወደኔ ዘንበል አለች። ትንፋሿ ጆሮዬን ነካው።

«አለ በለው» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

«አለ» አልኩ።

ፈገግ አለ። መዳፉን ሳያነሳ፣ እንደዚያ ቅዳሜ በዝግታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደ። የጻፍኩት ትምህርት ከእጁ ሥር እየጠፋ ሄደ። ሲጨርስ በጠመኔ የነጣ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ፤ እሷም ወደ ቦታው መራችው።